በሦስት ቀን አንዴ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሸረሪት የሚወድ ሰው የለም። ሙቀቱና ወባው አንሶ ደግሞ ሸረሪት! የልጅ አንገት ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ከወጣ እናቱ «ሸረሪት ሸናችበት» ብላ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን በመጥረጊያ ስትደበድብ ትውላለች። ሙሀባ ግን አትመታም ነበር። ነቢዩ ከጠላት ሸሽተው ዋሻ የገቡ ጊዜ ደጃፉን በድሯ የጋረደችላቸው ሸረሪት ናት፣ ውለታዋ አይረሳም ብላ ያሳደገቻት እናቷ ናት። ቤቷ ውስጥ ሸረሪት ስታገኝ በወረቀት አንስታ ውጭ ታስቀምጣለች እንጂ በጫማ አትረግጥም። እንግዲህ ይህች ደግነቷ ናት አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ ያስቆለፈችባት።

ያን ጊዜ ሙሀባ አርባ አልሞላትም። ባሏ ሙሄ በወባ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አምስት ወልዳ አራቱን ያችው ወባ ወስዳባታለች፤ የቀረቻት አንዲት ሰይዳ ናት። እሷንም ለማጀቴው ሸሪፍ ዳረቻት። ጎረቤቶቿ አንዲት ልጅሽን እንዲህ አርቀሽ ብለው ሲወቅሷት፣ ማጀቴ ነፋስ አለው፣ ወባውም እንደ ሮቢት አይጠናም፣ በሕይወት ትኑርልኝ እንጂ ብትርቅስ ትላቸው ነበር። እሷ ራሷ ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ በላይ ባለችው ትንሽ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ ጽዳት ናት። ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተዋታል፤ በዚያች ክፍልና በዚያች ደመወዝ ትኖራለች።

በ1978 ግንቦት ላይ ሰይዳ ማርገዟ ተሰማ። ሙሀባ ሱጁድ ወርዳ አለቀሰች። በአገሩ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ሰይዳም ወደ ሮቢት ልትመጣ ተሰናድታ ነበር። ሙሀባ በጣቷ ቆጥራ ስታየው ግን ምጡ የሚመጣው ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር በሮቢት ማለት ደግሞ ትንኙ ሰው የሚበላበት ወር ነው፤ አራቱን ልጆቿን የቀበረችው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ በማጀቴ ነጋዴ በኩል ላከችባት። «እንዳትመጪ። እኔ እመጣለሁ። ምጥሽ ሲመጣ እጄን ይዘሽ ነው የምታምጪው።» ይህን ቃል ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ የኖረችው ለዚች ቃል ነው።

በሰኔ ንጉሤ የሚባል የተባይ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወደ ጣቢያው መጣ። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ከሰው ይልቅ ከነፍሳት ጋር የሚጫወት ሰው ነው። ማሽላውን ተምች ሲጨርሰው ከሥሩ እየወጣች ተምቹን የምትበላ አንዲት ጠጉራም የመሬት ሸረሪት አግኝቷል። ድር አድርታ ግድግዳ ላይ የምትንጠለጠል አይደለችም፤ ጥቁር አፈር ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትኖረው። ቁመናዋ እንደ ትልልቆቹ ጠጉራሞች የሚያስፈራ ይሁን እንጂ ድንክ ናት፤ አድጋ ጨርሳም ከሰው አውራ ጣት አትበልጥም። ንጉሤ እናቲቱን ከነእንቁላል ከረጢቷ ይዞ ነበርና አርባ ልጆች ተፈለፈሉለት። እያንዳንዳቸው የሰሊጥ ፍሬ ያህላሉ። እርስ በርሳቸው እንዳይበላሉ አርባ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ለቅሞ፣ እርጥብ አፈር ከታች አድርጎ፣ አንድ አንዱን ለየብቻ አስገባና አፉን በጥጥ ወተፈው።

እሱ ወደ አዲስ አበባ መመለሱ ስለሆነ የሚያሳድግለት ሰው ፈለገ። ማን እሺ ይበለው! የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ደስታ፣ ሸንታብኝ ፊቴ ቢላጥ መንግሥት ሌላ ፊት ይሰጠኛል ወይ ብሎ ሳቀበት። የቢሮው ሰዎች አንድ በአንድ ሥራ በዛብን አሉ። ሙሀባ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ስታይ ቆየችና አንጀቷ አልቻለም። «ምን አደረጉና? እኔ እይዛቸዋለሁ» አለች።

ንጉሤ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው። እትዬ ሙሀባ፣ አምስት ጊዜ ቆዳቸውን ሲያወልቁ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ ደህና ከበሉ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያልቃል አላት። ሙሀባ በልቧ አሰላች፤ ጥቅምት ከኅዳር ይቀድማል፣ ኢንሻ አላህ እደርሳለሁ። ከዚያ አመጋገቡን አሳያት። ምስጥ ከኩይሳ አምጥታ፣ ከሸረሪቷ ሆድ የማይበልጠውን መርጣ፣ ጭንቅላቱን በወስፌ ወጋ አድርጋ ትጥልላቸዋለች። መመሪያውንም በታይፕ አስመትቶ የጣቢያው ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። «በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይመገቡ። ያለ ተረካቢ ከጣቢያው እንዳይንቀሳቀሱ።» የጣቢያው ኃላፊ ጓድ በላይ መመሪያውን አንብቦ ማህተም መታበት። ብልቃጦቹ የሚቀመጡበትን የእንጨት ሣጥንም «የመንግሥት ንብረት» ብሎ አስጽፎ እሱንም ማህተም መታው። ይኸው ሆነ ጣጣው።

አንድ ነገር ግን ንጉሤ ሳይነግራት ሄደ። ቆዳ ያወልቃሉ ሲላት ሙሀባ እባብን ነው ያሰበችው፤ እየተሳበ ወጥቶ ልብሱን ጥሎ እንደሚሄደው። እንዴት አድርጋ ሌላ ታስብ?

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሰባቱ መብላት ተዉ። ምስጡን ብትጥልላቸው ይሸሹታል። ሆዳቸው ጠቁሯል። በማግሥቱ ጠዋት ስታያቸው ሰባቱም በጀርባቸው ተዘርረው፣ እግራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ንቅንቅ አይሉም። ሙሀባ ክው አለች። በረሃብ ገደልኳቸው ብላ ተቀምጣ አነባች። ሌላ ሰው ቢሆን ከቆሻሻው ጋር ይጥላቸው ነበር፤ እሷ ግን ነቢዩን የጋረደች ፍጡር ዘር እንዴት ቆሻሻ ላይ ይጣላል አለች። ከጥጡ ቀነጣጥባ እያንዳንዳቸውን ጠቀለለች። ከግቢው አጥር ሥር፣ በቁርቁራው ዛፍ ጥላ ውስጥ፣ ሰባት ትንንሽ ጉድጓድ ማሰች። ቢስሚላህ ብላ ቀበረቻቸው።

በሚቀጥለው ቀን ስምንተኛው ደግሞ ተዘረረ። ያችኑ ጥጥ ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ ብልቃጡ ውስጥ ያየችው ሌላ ነው። አንደኛው ባዶ ቅርፊት ሆኖ ተጋድሟል፤ ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ፣ እንደ ወተት የነጣ፣ ከበፊቱ ከፍ ያለ፣ እግሩን አንድ በአንድ እየዘረጋ የሚንቀሳቀስ ሸረሪት አለ። ሙሀባ መጀመሪያ ከየት ገባ ብላ ደነገጠች። ቀስ ብሎ ነው የገባት። የሞተ የለም። በጀርባቸው ተኝተው ቆዳቸውን እያወለቁ ነበር። ሰባቱን ከነነፍሳቸው ቀብራቸዋለች።

ወደ ቁርቁራው ሮጠች። በጥፍሯ አፈሩን ጫረችው። ጥጡን አገኘች፤ ጥጡ ውስጥ ግን ጉንዳን ቀድሟት ነበር። አስታግፊሩላህ እያለች ፀሐይ አናቷ ላይ እስክትወጣ እዚያው ተቀመጠች። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይላል የአገሬ ሰው፤ እሷም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ነገር ግን ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት። ሄዳ ለጓድ በላይ እንዲህ እንዲህ ሆነ ብላ ነገረችው።

በላይ የደብረ ሲና ሰው ነው፤ ብርድ ያሳደገው። የሮቢት ሙቀት አፍንጫውን ያደማዋል፤ ከሙቀቱ በላይ ግን የሚያስፈራው የበላይ አካል ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ፤ ፈሪ አለቃ ደግሞ ከክፉም ይብሳል። በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ በሸረሪቶቹ ሲቀልድ የነበረው ሰው፣ ሰባት መጉደላቸውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ዓመት ተምች የይፋትን ማሽላ የበላበት፣ ከላይ ምን እየሠራችሁ ነው የሚል ደብዳቤ የሚጎርፍበት ዓመት ነው። ቀብሬያቸው ነው ብትዪ የበላይ አካል ያምንሻል ወይ አላት። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ጻፈና ባለሙያው መጥቶ በእጁ እስኪረከብሽ ከሮቢት ንቅንቅ የለም አላት። ያን ጊዜ ያለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት አይሰጥም፤ ያለ ይለፍ ደግሞ ኬላ አይታለፍም። ሙሀባ እሺ ብላ ወጣች። ምን ቸገረኝ፣ ጥቅምት ላይ ይወስዳቸዋል ብላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ሁሉ እነሱን ማስበላት ሆነ። የበላው ቶሎ ቆዳውን ያወልቃል፣ የጦመው ይዘገያል፤ ይህን በዓይኗ አየች። አምስተኛው ቆዳ ቶሎ ከመጣ ንጉሤም ቶሎ ይመጣል፤ እሷም ወደ ሰይዳ ትሄዳለች። በሦስት ቀን የተባለውን በየቀኑ አደረገችው። ጎህ ሲቀድ ኩይሳ ትቆፍራለች፣ ምስጥ ትለቅማለች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ብልቃጥ ላይ ታጎነብሳለች። ሆዳቸው እንደ ባቄላ ይነፋል። ጋሽ ደስታ በሩ ላይ ቆሞ «ለበግ እንኳ እንዲህ አልተደከመም፤ ለዓረፋ ልታርጃቸው ነው እንዴ?» ይላታል። እሷም፣ ወላሂ ቢጣፍጡ ኖሮ አላስተርፍም ነበር ትለዋለች።

ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ነሐሴ ላይ ሁለቱ ቆዳ ሊያወልቁ ሲሉ ምግብ መተዋቸውን ሳታስተውል ሕያው ምስጥ ጥላባቸው ሄደች። ስትመለስ ምስጦቹ በጀርባቸው የተኙትን፣ ራሳቸውን መከላከል የማይችሉትን፣ ከእግራቸው ጀምረው በልተዋቸዋል። የሚበላው በላተኛውን በላው ማለት ነው። ያን ዕለት ሙሀባ እራት አልበላችም። ለሸረሪት ብቻ አይደለም ያዘነችው። አልጋ ላይ ተኝታ የምታምጥ፣ እናቷ አጠገቧ የሌለች ልጅ ታየቻት፤ ያን ሐሳብ ካንጎሏ ማውጣት አቃታት።

ከዚያ ወዲህ ግን ተማረች። ሆዱ አብጦ ሲያብለጨልጭና ሲጠቁር፣ የጉድጓዱን አፍ በድር ሲዘጋ፣ ጊዜው ደረሰ ማለት ነው፤ የተረፈውን ምግብ በወረንጦ ለቅማ ታወጣለች። ያኔ የሚፈልገው እርጥበት ብቻ ነው፤ አፈሩ ከደረቀ ቆዳው እግሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ይሰነክለዋል። ስለዚህ ጥጡን ታረጥባለች፣ ሣጥኑን በረጠበ ጆንያ ትሸፍናለች፣ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲረግጥ እንኳ አትፈቅድም። ቆዳውን ከጣለም በኋላ ወዲያው አይበላም። መንከሻው ገና ነጭና ለስላሳ ነው፤ እስኪጠቁር አራት አምስት ቀን ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ያስተማራት የለም፤ ከእነሱ ጋር ስትኖር ያወቀችው ነው። ከዚያ በኋላ ከሠላሳ አንዱ አንድም አልሞተባትም።

መስከረም ሦስተኛው ቆዳ፣ ጥቅምት አራተኛው። ለንጉሤ ሁለት ጊዜ አስጻፈች፤ መልስ የለም። በጥቅምት ማለቂያ በላይ ቢሮው ጠራትና አንድ ደብዳቤ አነበበላት። ባለሙያው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተልኳል፤ ንብረቱን ሲመለስ ይረከባል፤ እስከዚያው በተሰጠው መመሪያ መሠረት ሥራው ይቀጥል። ሙሀባ መቼ ይመለሳል ብላ ጠየቀች። በላይ ደብዳቤውን እያጠፈ «ሦስት ዓመት ይላል» አላት። ወንበር ሳይጋብዛት ተቀመጠች።

ለመነችው። ልጄ ልትወልድ ነው፣ አንዲት ናት፣ ዐሥር ቀን ብቻ አለችው። በላይ የሚይዝልሽ ሰው ካገኘሽ ፈርሞ ይረከብና ሂጂ አላት። ጣቢያውን በሙሉ ዞረች። ጋሽ ደስታ እንኳ፣ ያ ሁሉ ወዳጅነት እያለ፣ ፊርማ ሲባል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ልፍረድበት? የመንግሥት ንብረት ላይ የሚፈርም በዚያ ዘመን ማን ነበር! ንጉሤም እሺ ስትለው እንዴት ይስቅ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ከማጀቴ የመጣ የሽንኩርት ነጋዴ የሸሪፍን መልእክት አደረሰ። ሰይዳ ቁርጠት ጀምሯታል፤ እማ መጣች ወይ እያለች በር በሩን ታያለች።  ሙሀባ ክፍሏ ገብታ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጥጥ ወተፈች፣ ሣጥኑ ውስጥ በጭድ መሐል አስተኛቻቸው፣ ሣጥኑን በነጠላዋ አዝላ ወጣች። ከእነሱ ጋር ከቀረች ቃሏን ትበላለች፤ ብትተዋቸው ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ያልቃሉ፣ ከርቸሌም ይጠብቃታል። ስለዚህ ይዛቸው ሄደች። በሕይወቷ ሕግ ስትጥስ ያች የመጀመሪያዋ ናት።

አጣዬ መግቢያ ላይ አውቶቡሱ ኬላው ጋ ቆመ። ወታደሩ ሁሉንም አስወርዶ ይለፍ ጠየቀ። ሙሀባ ጋ ሲደርስ የምትሰጠው የላትም።  ምን ተሸክመሽ ነው አላት። ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና «የመንግሥት ንብረት ነው» አለችው። ወታደሩ ጽሑፉን አነበበ፤ ክቡን ማህተም በጣቱ ዳሰሰው። ምን አለበት ብሎ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ሲያይ ሠላሳ አንድ ጠጉራም ፍጡር ከብልቃጥ ውስጥ አፈጠጡበት። ክዳኑን ጠረቀመው። «እለፊ፣ እለፊ» አላት እጁን እየጠረገ። ያሰራት ማህተም አሳለፋት፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ማጀቴ ስትደርስ ሰይዳ ምጥ ላይ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እናቷን ስታይ ልጅቱ ያን ሁሉ ሰዓት ያልወጣት እንባ ወጣት።

«እማ፣ መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እናቴ። ይኸው እጄ፣ ያዢው።»

ያዘችው። ጣቷን ሊሰብረው እስኪደርስ ጨበጠችው፤ ሙሀባ ግን አላመማትም። በማግሥቱ ከዙህር ሶላት በፊት ሴት ልጅ ተወለደች። ሙሀባ ከማህፀን በእጇ ተቀበለቻት፣ እትብቷን ቆረጠች፣ አጠበቻት። አራት ልጅ የቀበረች ሴት ናት፤ አንዲት ሕያው ልጅ ደረቷ ላይ ስታስተኛ ያደረባትን ደስታ እኔ ልናገረው አልችልም። ስሟን ፋዲላ አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ከሮቢት ሁለት ሚሊሻ መጡ። በላይ ልኳቸው ነው። ትልቁ አሊዪ የሚባል የሮቢት ሰው ነው፤ ሙሄን በሕይወት ሳለ ያውቀው ነበር። አራሷን ገብቶ ሲያይ ጠመንጃውን ከበሩ ኋላ አስደገፈውና፣ ሰባት ቀኗ ሳይሞላ አራስ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ መንገድ ላይ ታመምን እንላለን አለ። አራት ቀን ሙሉ ሁለቱ ሚሊሾች ጠዋት ጠዋት ለሸረሪቶቹ ምስጥ ይለቅማሉ፤ ንብረቱን በሕይወት ማስረከብ አለባቸዋ። በሰባተኛው ቀን እንደ ወጉ ለፋዲላ ፍየል ታረደ። በስምንተኛው ሙሀባ የልጅቱን ጠረን በነጠላዋ ይዛ፣ ሣጥኗን አዝላ፣ በሁለት ጠመንጃ መሐል ወደ ሮቢት ወረደች።

በላይ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘርግቶ ጠበቃት። አንደኛው ለፖሊስ የሚሄድ ክስ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ማሸሽ ይላል። ሁለተኛው የግዴታ ወረቀት ነው፤ ባለሙያው እስኪመለስ ከሸዋ ሮቢት ላትወጣ፣ ሸረሪቶቹንም በመመሪያው መሠረት ልትመግብ። የቱ እንደሚሻላት እሷ ትምረጥ። ሙሀባ ስሟን መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያችን የተማረቻትን ስም በሁለተኛው ወረቀት ላይ ጻፈች።

ሦስቱ ዓመት አለቀ፤ ንጉሤ አልተመለሰም። እዚያው ቀረ አሉ። እንግዲህ ባለሙያው እስኪመለስ የሚለው ወረቀት መጨረሻ አጣ። ወንዶቹ ሸረሪቶች አድገው፣ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሲንከራተቱ ሰንብተው፣ አንድ በአንድ ሞቱ። ሴቶቹ ግን ደነደኑ። ሙሀባ ስንት ዓመት ነው የሚኖሩት ብላ ለአዲስ አበባው ቢሮ አስጽፋ ነበር፤ መልሱ ሴቶቹ በደንብ ከተያዙ ዐሥር ዓመት ሊያልፉ ይችላሉ የሚል ነው። በደንብ ከተያዙ! እሷ ጋ ደግሞ በመጥፎ አይያዙም።

ካደጉ ወዲህ ብዙ መብላት አይፈልጉም። አንዷ በልታ ወር ቢሞላት ምንም አትሆንም፤ ቆዳም የምታወልቀው በዓመት አንዴ ነው። ሙሀባ ይህን ደርሳበት በላይ ጋ ሮጠች። አሁን እኮ ውሃ ብቻ አድርጌላቸው ሃያ ቀን ብሄድ አይጎዱም፣ ሰይዳን አይቼ ልመለስ አለችው። በላይ ግድግዳው ላይ ያለችውን የደበዘዘች ወረቀት አሳያት። በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ትላለች። እሷ የሕፃናቱ ናት፣ እነዚህ አሮጊት ሆነዋል ብትለው፣ መመሪያውን ያወጣው ሳያሻሽለው እኔ አልሽርም አላት። እና በየሦስት ቀኑ፣ የማይበሉትን ምግብ ትጥላለች፣ ያልተበላውን መልሳ ትለቅማለች።

ሰይዳ አንዴ ብቻ ሕፃኗን ይዛ ወደ ሮቢት ወርዳ ነበር። ጥር ነው፣ ትንኝ የለም ተብሎ። በዐሥረኛው ቀን ፋዲላን ወባ ጣላት፤ አንገቷ እስኪንጠለጠል ነደደች። ልጅቱ ተረፈች፤ ሸሪፍ ግን ልጆቼ ሮቢትን ሁለተኛ አይረግጧትም ብሎ ማለ። ሙሀባ አልተቀየመችውም፤ እሷም ብትሆን ትምል ነበር። ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ በሽንኩርት ነጋዴው ሰማች። ሦስተኛው ሲወለድ ደግሞ ሙቶ መወለዱን ሰማች። ያን ቀን ሰይዳ የማንን እጅ ይዛ እንዳማጠች ነጋዴው አያውቅም፤ እሷም መጠየቁን አልደፈረችም። ሸረሪት የመመገቢያ ቀኗ ነበርና ሄዳ መገበች።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ጓድ በላይ የቢሮውን መኪና ይዞ ወደ ደብረ ሲና ወጥቶ አልተመለሰም። ጋሽ ደስታ የግቢውን ቁልፍ ሙሀባ እጅ ላይ ጥሎ፣ እትዬ፣ ከእንግዲህ የሚጠይቅሽ የለም ብሏት ሄደ። እሷ ግን ያ ነገር ቶሎ አልገባትም። ቢሮው ገብታ ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት ቆማ አየቻት። ገንጥላ ቀደደቻት። ከዚያ የቀሩትን ዐሥራ ዘጠኝ ሸረሪቶች ወደ ወንዙ ዳር ወሰደቻቸው። ጥቁሩ አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በየስንጥቁ አንድ አንድ ለቀቀቻቸው። ወደ ኋላ ያየ አንድም የለም።

መኪና አልነበረም። እስከ አጣዬ በእግሯ ሄደች፤ ከዚያ የእህል መኪና ላይ ሰቀሏት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማጀቴ ደረሰች። እግሯ ቆስሏል፣ ቀሚሷ የቱ ጋ ቀለም እንደነበረው አይታወቅም። የሰይዳ ቤት ግን አልጠፋትም። አንኳኳች።

አንዲት ልጅ ከፈተች። አራት ዓመት ተኩል ይሆናታል፤ ግንባሯ የሰይዳ ነው፣ ቅንድቧ የሙሄ ነው። ሙሀባ ከማህፀን የተቀበለቻት፣ እትብቷን የቆረጠችላት ልጅ ናት። እጇን ወደ ጉንጯ ዘረጋች። ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሥርዓት የተማረች፣ ጨዋ ልጅ ናት።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለቻት።

ሙሀባ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ልጅቱ ወደ ጓዳው ዞረች።

«እማ፣ በር ላይ አንዲት እንግዳ ሴትዮ ቆመዋል።»